የልምምድ ጠብ

«ሀገር ሁለት ነኝ!» አለችኝ አንዲት ሴት ባለፈው ሐሙስ፣ ታክሲ ውስጥ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ። ሽሮ ሜዳ ጋቢ ልገዛ ወጥቼ፣ የጠሩልኝን ዋጋ ሰምቼ፣ «ጋቢ ነው ወይስ ቤት ነው የምትሸጡልኝ?» ብዬ ተነጫንጬ ባዶ እጄን ስመለስ ነው። ሴትዮዋ ከኋላዬ ተቀምጣ ትከሻዬን ነካ አደረገችኝ። ፀጉሯ ገብስማ ሆኗል፣ ጭኗ ላይ የወረቀት ክምር አቅፋለች። «ጋሽ ፍቃዱ አይደሉም እንዴ? ሰናይት ነኝ እኮ! ሀገር ሁለት!» ረዳቱ ዘወር ብሎ «እማማ፣ ሀገር ሁለት የሚባል ፌርማታ የለንም» ቢላት ታክሲው በሙሉ ሳቀ፣ እኔም ሳቅኩ። ወዲያው አወቅኳት። ሠላሳ ዓመት ሊሆነው ነው፣ ዩኒቨርሲቲ ድርድርና የግጭት አፈታት ሳስተምር፣ ተማሪዎቼ የአንድ ወንዝ ውሃ የሚሻሙ ሁለት አገሮች ሆነው ይከራከሩ ነበር፤ ሰናይት ያን ጊዜ ሀገር ሁለት ነበረች። አሁን ፍርድ ቤት ውስጥ ባለጉዳዮችን የማስማማት ሥራ ላይ ነኝ አለችኝ። ደስ አለኝ፣ አልዋሽም፣ ኮራሁባት። ከዚያ «ጋሽ ታደለስ? ትገናኛላችሁ?» ስትለኝ፣ «ኧረ እንዴታ! ትናንት እንኳ አብረን ነበርን፤ ደህና ነው» አልኳት። አፌ ለምን እንደዚያ እንዳለ እኔም አላውቅም። ሰናይት ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ጋሼ፣ እኔ ባለፈው እሑድ ልጠይቃቸው ሄጄ ነበር። ጡረታ ወጥተው እዚሁ ጉለሌ፣ ወደ እንጦጦ ማርያም መውጫው ላይ ነው ያሉት። እርስዎን ሳነሳባቸው፣ ከተያየን ሠላሳ ዓመታችን ነው አሉኝ» አለች። «ወራጅ አለ!» ብዬ ከመውረጃዬ ሁለት ፌርማታ ቀድሜ ወረድኩ። በስድሳ ስምንት ዓመቴ፣ ከነሽበቴ፣ በውሸት ተይዤ በእግሬ ወደ ቤቴ ገባሁ።

ያኔ እኔና ታደለ አዲሱ ገበያ ከአንድ ሙዚቃ ቤት ጀርባ አንዲት ክፍል ተከራይተን እንኖር ነበር። የሙዚቃ ቤቱ ባለቤት ድምፅ ማጉያውን ወደ መንገዱ አዙሮ፣ አዲስ የወጣ ካሴት ካገኘ ጠዋት የጀመረውን እስከ ማታ ያንኑ ያስጮኸዋል። ዘፈን የማይሆንልን ሁለት ወንደላጤ መምህራን፣ የዘመኑን የፍቅር ዘፈን በሙሉ በቃላችን እናውቀው ነበር። ታክሲ ስልሳ አምስት ሳንቲም ነው፤ እሷን ለማትረፍ እስከ ስድስት ኪሎ በእግራችን እንሄዳለን። ማኪያቶ ብር አይሞላም፤ እሱንም አንድ አዘን፣ ከሁለት ብርጭቆ ውሃ ጋር፣ አስተናጋጁ ሲገላምጠን እንቆያለን። ፓስቲ ከሻይ ጋር የልደት ቀን ነበር። የሚያኮራ ኮት ደግሞ አንድ ብቻ ነበረን፤ ግራጫ፣ ትከሻው በስፖንጅ የተሞላ፣ ያን ጊዜ ፋሽን ነው። የዚያን ቀን ክፍል ያለው ይለብሰዋል። እኔ እንደ ምንም እሞላዋለሁ፤ ታደለ ግን ቀጭን ስለሆነ ኮቱ እሱን ይዞት የሚሄድ ይመስል ነበር። «ዛሬ ኮቱ ሲያስተምር ዋለ?» እለዋለሁ ማታ። «ኮቱስ ጎበዝ ነው፤ አንተ ስትለብሰው ነው የሚደነዝዘው» ይለኛል። አሁን ያ ቦታ መስታወት በመስታወት ሕንጻ ሆኗል፤ ከሥሩ ስልክ ይሸጣሉ። ባለፍኩ ቁጥር ክፍላችን የት ጋ እንደነበረች ለመገመት እሞክራለሁ፣ አልሆነልኝም።

ጥናቱን ያሰበው ታደለ ነው። ይህን አስቀድሜ ልናገር። ቤተ መጻሕፍት ስንገባ የምናገኘው መጽሐፍ ሁሉ ስለ ትልልቅ ሰዎች ነበር፤ ከረባት ያሰሩ ሚኒስትሮች ረጅም ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው ስለሚፈራረሙት ውል። አንድ እሑድ ታደለ ልብሱን እያጠበ፣ እጁ አረፋ እንደሆነ፣ «ፍቃዱ፣ አባባ ወርቁ በሳምንት ሁለት ጠብ ያበርዳሉ። እኛ አገር ከአገር እንዴት እንደሚታረቅ ከመጽሐፍ ስንፈልግ እንውላለን። ለምን እሳቸውን አናጠናም?» አለኝ። አባባ ወርቁ የሰፈሩ እድር ሊቀመንበር ናቸው፤ ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ጥበቃነት ጡረታ የወጡ፣ ረዥም፣ ካኪ ካፖርታቸውን በበጋም የማያወልቁ ሰው። ከእሳቸው ጋር እትዬ ዘውዴ ነበሩ፤ የሴቶቹ እድር መሪ፣ ምላሳቸው እንደ ምላጭ። ሁለት ዓመት ሙሉ በአንድ ጃንጥላ ሥር፣ ቴፕና ባትሪ ድንጋይ ይዘን፣ በጭቃ እየተንሸራተትን ተከተልናቸው። በስንዝር የተገፋ አጥር፣ የውርስ ቤት፣ ባሏን ጥላ እናቷ ዘንድ የገባች ሙሽራ፣ ስንቱን አየን። ታደለ ማስታወሻ ደብተሩ ላይ ያን የመሰለ ጽሑፉን ሲጥል፣ እኔ ድንጋይ እለውጣለሁ ብል ማጋነን አይሆንም። በኋላ እንግሊዝኛውን አቃናሁ፣ እሱ እውነት ነው።

ታደለ ያስተዋለው ነገር ይኸ ነበር። ሽማግሌዎቹ ጥፋተኛው ማን እንደሆነ ብዙ ጊዜ ገና ከመቀመጣቸው በፊት ያውቃሉ። ግን አይናገሩም። ያጠፋው ሰው በገዛ አፉ «እኔ ነኝ» እስኪል ይጠብቃሉ፤ እምቢ ካለ ሦስት ጊዜ ቤቱ ድረስ ይመላለሳሉ። ሌላ ሰው ከተናገረው ፍርድ ይሆናል፣ ራሱ ከተናገረው ግን ዕርቅ ነው። የአገሮቹ ውል ደግሞ በተቃራኒው ማንም ጥፋተኛ ሳይባል እንዲያልቅ ተደርጎ ይጻፋል፤ ምናልባት ቶሎ የሚፈርሰው ለዚህ ይሆን? ብሎ ጠየቀ ታደለ። ጥያቄው ዛሬም ያምራል።

አንድ የውጭ አገር መጽሔት ጽሑፉን ተቀበለው። ደብዳቤው የመጣ ቀን አንድ አንድ ማኪያቶ አዘዝን! የመጨረሻውን ቅጂ አስተካክላችሁ በፖስታ ላኩ ተብለን ሳለ የታደለ እናት አረፉ፤ እሱ ሊቀብር አገር ቤት ወረደ፣ አርባቸው እስኪወጣ እዚያው ቆየ። እኔ ከትየባ መኪናው ጋር ብቻዬን ቀረሁ። በዚያው ሰሞን የትምህርት ክፍላችን ውስጥ አንድ የዕድገት ቦታ ተከፍቶ ነበር፤ ብቻውን ያሳተመ ይበልጣል ይባላል። የሁለታችንን ስም ጻፍኩ። ወረቀቱን አወጣሁት። አዲስ ወረቀት አስገብቼ የኔን ብቻ ጻፍኩ። እሱን ከግርጌ፣ በትንሿ ፊደል፣ «ላደረገልኝ እርዳታ አመሰግናለሁ» አልኩት። አመሰግናለሁ! ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይባላል፤ ቀጣዩን ጥናት በእሱ ስም እናወጣዋለን፣ ይረዳኛል፣ ወንድሜ አይደል እያልኩ ፖስታውን አሸግኩት። መጽሔቱ ሲመጣ ታደለ ገና ጥቁሩን አላወለቀም። ቆሞ አነበበው፣ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠው። በሳምንቱ ከክፍላችን ወጣ። ኮቱን ትቶልኝ ሄደ።

የሚያስቀው ደግሞ የዚያን ዓመት አንድ ኮርስ አብረን እንድናስተምር ተመድበን ነበር፤ ሌላ ሳይሆን ድርድርን! ስለ መነጋገር ጥቅም የምናስተምር ሁለት ሰዎች በጸሐፊዋ በኩል ወረቀት እንላላካለን። «ማክሰኞ ምዕራፍ አራት።» «እሺ።» በቃ። ተማሪዎቹ በሁለት አገር ተከፍለው የሚለማመዱበት ቀን ሲደርስ ታደለ፣ ሽማግሌዎቹ መጥተው ይመልከቱ ብሎ ቀድሞ ቃል አስገብቷቸው ስለነበር፣ ልምምዱ ጉለሌ፣ በእድሩ አዳራሽ ውስጥ ሆነ። የቆርቆሮ ጣሪያ፣ የድንኳን ብረቶች ጥግ ላይ ተከምረዋል፣ የለቅሶ ቤት አግዳሚዎች ላይ ተማሪው ጂንሱንና ሸራ ጫማውን ለብሶ ተደርድሯል። ሰናይት ተነሳች። «ውሃው ከኔ ተራራ ነው የሚነሳው! አንተን ከመቼ ወዲህ ነው የማስፈቅደው?» ብላ ጠረጴዛውን በጡጫ መታችው። ሀገር አንድ የሆነው ልጅም ወረቀቱን ቀዶ በተነው። እኔ በልቤ «ጎበዝ፣ ጎበዝ» እላለሁ። አባባ ወርቁ ግን ተነሥተው መካከላቸው ገቡ።

«በስመ አብ! ተው ልጆቼ፣ ተው። ሰይጣን አይስማችሁ።»

«አባባ፣ የእውነት አይደለም፤ ልምምድ ነው» አልኳቸው።

«የምን ልምምድ?»

«የጠብ… ማለቴ፣ የድርድር።»

«አዪ ልጄ» አሉ፣ «ጠብ እንኳ ሳይለማመዱትም ይቻላል።»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ሰናይት ሮጣ ሄዳ ጉልበታቸውን ሳመቻቸው፣ ሀገር አንድም ሳማቸው፤ ሁለቱን አገሮች መርቀው አስቀመጧቸው። እዚያ ላይ ቢያበቃ ምን ነበረበት? አባባ ወርቁ ግን አልተቀመጡም። «እነዚህስ ይስቃሉ፣ የተጣላ አይስቅም» አሉና መጀመሪያ እኔን፣ ቀጥሎ በአዳራሹ ሌላ ጫፍ የቆመውን ታደለን ተመለከቱ። «እናንተ ግን ከመጣን ጀምሮ አንዳችሁ የሌላውን ስም አልጠራችሁም። ሁለት ዓመት በአንድ ጃንጥላ ስትመጡ የማውቃችሁ ልጆች፣ ዛሬ በየጥጋችሁ ቆማችኋል። ምን ሆናችሁ?» እትዬ ዘውዴ ሄደው በሩን ዘጉት። «ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት! እናንተ ብሎ የዕርቅ አስተማሪ!» አሉ። አባባ ወርቁ «በሽማግሌ ትዳኛላችሁ?» ብለው ጠየቁ። ታደለ ወዲያው «እሺ አባባ» አለ። እኔ ሆዬ፣ መጽሐፌን ጠቀስኩላቸው! «አባባ፣ በእርግጥ አከብርዎታለሁ፤ ግን አስታራቂ ገለልተኛ መሆን አለበት። እናንተ ሁለታችንንም ታውቁናላችሁ።»

«ገለልተኛ ማለት ምንድነው?»

«የማያውቀን፣ ለማናችንም የማያደላ ሰው።»

«የማያውቅህማ ብትታረቅ ባትታረቅ ምን ቸገረው?» አሉኝ።

ከዚያ ወደ ታደለ ዞረው በደሉን ጠየቁት። ታደለ አንገቱን ደፍቶ፣ «ፍቃዱ ያውቀዋል፤ እሱ ይንገራችሁ» አለ። ሁሉም ወደኔ ዞረ። ሽማግሌዎቹ፣ ሠላሳ ተማሪ፣ ሰናይት፣ ሁሉም። አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር የሚፈለግብኝ፤ «ስሙን ከጥናቱ ላይ አወጣሁት» ማለት። ተማሪዎቼ ፊት? እኔ? «የሥራ ጉዳይ ነው፤ ለሽማግሌ የሚሆን አይደለም» ብዬ እትዬ ዘውዴን ገፋ አድርጌ በሩን ከፍቼ ወጣሁ። እንዴት ያለ ውርደት እንደሠራሁ የገባኝ አዲሱ ገበያ ስደርስ ነው። ተመልሼ ልገባ አሰብኩ። አልተመለስኩም።

ሽማግሌዎቹ ግን ሕጋቸውን ጠበቁ። በመጀመሪያው ቅዳሜ በሬን ሲያንኳኩ ትንፋሼን ውጬ የሌለሁ መሰልኩ። በሁለተኛው «ላስብበት» አልኳቸው። ሦስተኛው ቅዳሜ የሐምሌ ዝናብ ነበር፤ እትዬ ዘውዴ አሟቸው አባባ ወርቁ ብቻቸውን፣ ካፖርታቸው ውሃ እያንጠባጠበ መጡ። አስገባኋቸው፣ ሻይ አፈላሁላቸው፣ ሁለት እጃቸውን በብርጭቆው እያሞቁ ጠበቁኝ። ልነግራቸው አንድ ቃል ቀርቶኝ ነበር። «አባባ፣ ትንሽ ጊዜ ይስጡኝ» አልኳቸው። «ጊዜ ከኔ ትለምናለህ?» አሉ፣ ፈገግ ብለው፣ «እኔ የት አገኘዋለሁ ልጄ?» ሻያቸውን ጨርሰው መርቀውኝ ሄዱ። ዓመቱ ሳይሞላ አረፉ። ቀብራቸው ላይ እኔ ከመቃብሩ በዚህ በኩል ታደለ በዚያ በኩል ቆመን ዓይን ለዓይን ተያየን፤ አንገቴን የሰበርኩት እኔ ነኝ። ከዚያ በኋላ እሱ ወደ ክፍለ ሀገር ዩኒቨርሲቲ ተዛወረ። እኔ የዕድገቱን ቦታ አገኘሁ፣ ከዚያም ሌላ፣ ከዚያም ሌላ። እሱ ሲኖር ሲኖር በመምህርነቱ ጡረታ እንደወጣ ሰው ነገረኝ።

ከዚህ ሁሉ የሚያሳፍረኝን ልናገር። ያንን የአዳራሽ ቀን ለሃያ ምናምን ዓመት ክፍል ውስጥ እንደ ቀልድ ሳወራው ኖሬያለሁ። በየዓመቱ፣ የመጀመሪያው ቀን፣ ተማሪው እንዲላመደኝ። ውጭ አገር ስብሰባ ላይም አውርቼዋለሁ፤ ፈረንጆቹ ሳቁ፣ አጨበጨቡ። «ጠብ እንኳ ሳይለማመዱትም ይቻላል» የምትለዋ ላይ ሁልጊዜ አቆማለሁ። የተቀረውን ለማንም ተናግሬ አላውቅም፣ ለሟች ባለቤቴም ጭምር። ሐሙስ ታክሲ ውስጥ ሰናይት ስታየኝ የገባኝ ይኸ ነው፤ እሷ እኮ እዚያ ነበረች፣ መጨረሻውን ታውቀዋለች። እነዚያ ሠላሳ ልጆች ሁሉ ያውቁታል፤ በየሄዱበትም እኔን የሚያስታውሱኝ በሩን ከፍቼ ስወጣ ይሆናል።

ሌሊቱን አልተኛሁም አልልም፤ ተኛሁ። ቅዳሜ ጠዋት ግን ልብሴን ቀይሬ ወደ እንጦጦ ማርያም መውጫው ወጣሁ። ሰው እየጠየቅኩ፣ በየመቶ እርምጃው እያረፍኩ። በሩን የከፈተችልኝ ባለቤቱ ናት፤ አታውቀኝም። «ፍቃዱ እባላለሁ» ስላት ግን ፊቷ ተለወጠ። «ይግቡ» አለች፣ «ጆሮው ደክሟል፤ ጮክ ብለው ያናግሩት።» ታደለ ግቢው ውስጥ ፀሐይ ላይ ተቀምጧል። ያው ቀጭን ነው። ከአጥሩ ወዲያ ጎረቤቶች ልብስ ያጥባሉ፣ ሬዲዮ ተከፍቷል። ፊቱ ቆምኩና፣ በመንገድ ያሰናዳሁት ንግግር ሁሉ ጠፋብኝ።

«ታደለ፣ ስምህን ያወጣሁት እኔ ነኝ» አልኩ።

እጁን ጆሮው ላይ አደረገ። «አልሰማሁህም።»

«ስምህን ከጥናቱ ያወጣሁት እኔ ነኝ!»

«ጮክ በል እንጂ!»

«ጥናቱ ያንተ ነበር! ሰረቅኩህ! ስምህን አወጣሁት!» ብዬ በዚያ ግቢ ውስጥ ጮኽኩ። ከአጥሩ ወዲያ ልብስ የሚያጥቡት ሴቶች ቀጥ አሉ። አንዷ ሬዲዮውን ዘጋችው። እንባዬ መጣ፤ ጉልበቱን ልስም ስወድቅ «ኧረ ተነሥ፣ እሱንም ያመኛል» ብሎ በክንዴ ያዘኝ፤ እሱም እንባው ይወርዳል። ባለቤቱ ወንበር አመጣችልኝ። ጎን ለጎን ተቀመጥን። «ያኔ አዳራሹ ውስጥ ለምን አልተናገርክብኝም?» ብዬ ጮኽኩበት።

«እኔ ብናገር ፍርድ ይሆን ነበራ» አለ። «ዕርቁን ነበር የፈለግኩት። አንተን ጠበቅኩህ።»

«ካሳስ? ምን ልካስህ?»

«በዚህ ዕድሜ ምን አደርግበታለሁ? ስሜን መልስልኝ እንጂ።»

«መጽሔቱ እኮ ከተዘጋ ቆየ፣ ታደለ።»

«በአማርኛ ጻፈው» አለ። «እነዚህ ጎረቤቶቼ የሚያነቡት ቦታ ላይ። እስከ ዛሬ የጡረተኛ አስተማሪ እንጂ አንድም ነገር የሠራሁ አይመስላቸውም።»

እሺ አልኩት፤ ይኸው ጻፍኩት። እንጦጦ መውጫው ላይ የምትኖሩ የታደለ ጎረቤቶች፣ የጉለሌ ሽማግሌዎች እንዴት እንደሚያስታርቁ የሚናገረውን ጥናት ያሰበው፣ የጠየቀው፣ የጻፈው ሰው ታደለ ክንፈገብር ይባላል። ከእናንተ አጥር ወዲያ ነው ያለው። ስታናግሩት ጮክ በሉ።